በአቧራ የተጋረዱ ሉላዊ የከዋክብት ክምችቶችን በአነስተኛ ቴሌስኮፕ ማንሳት፦ ከጋዝጊብላ ሰማይ አንጻር

በፍኖተ ሐሊብ እምብርት አካባቢ የሚገኙ በርካታ ሉላዊ የከዋክብት ክምችቶች በኅዋ አቧራ ተጋርደዋል። የፈረንሳዩ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አጎፕ ቴርዛን እ.ኤ.አ. በ1968 ያገኘው ቴርዛን 5 ለዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ ነው። በኅብረ ኮከብ ቀውስ አቅጣጫ የሚታየው ይህ ክምችት ከምድር 20,000 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። በመካከል ያለው አቧራ ለዐይን የሚታየውን ብርሃኑን በ7 ማግኒቲዩድ ገደማ፣ ማለትም ከ600 ጊዜ በላይ ያደክመዋል።

አቧራው ሰማያዊውን ብርሃን አብዝቶ፣ ቀዩን ግን በመጠኑ ይከለክላል። በ850 ናኖሜትር አካባቢ ቅነሳው በማግኒቲዩድ ወደ ግማሽ ስለሚወርድ ብርሃኑ የሚደክመው 25 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። የካሜራ የሲሊከን ዳሳሽም እስከ 1,000 ናኖሜትር ድረስ ብርሃን ይቀበላል። ስለዚህ ባለ 20 ሴንቲሜትር ቴሌስኮፕ፣ የኢንፍራሬድ መከላከያ የሌለው ጥቁርና ነጭ ካሜራ እና ኢንፍራሬድ አሳላፊ ማጣሪያ ያለው አማተር፣ በርካታ አጫጭር ምስሎችን በመደራረብ ክምችቱን ሊቀርጽ ይችላል።

ዋግ ኽምራ ውስጥ ያለችው ጋዝጊብላ በሰሜን ኬክሮስ 12.6 ዲግሪ አካባቢ ትገኛለች። በዚህ ኬክሮስ ቴርዛን 5 ከአድማስ እስከ 52 ዲግሪ ከፍ ሲል፣ በፓሪስ ከ17 ዲግሪ አያልፍም። ብርሃኑ በጋዝጊብላ የሚያቋርጠው አየር በፓሪስ ከሚያቋርጠው ከግማሽ በታች ነው።

ሆኖም ክምችቱ በእኩለ ሌሊት ከፍታውን የሚይዘው በሰኔ አጋማሽ፣ ክረምቱ በሚገባበት ወቅት ነው። ኢንፍራሬድ ብርሃን የኅዋን አቧራ ቢያልፍም የክረምትን ደመና አያልፍም። በመሆኑም አመቺው ጊዜ ከክረምቱ በፊት ያለው ነው፦ በሚያዝያ አጋማሽ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ በግንቦት አጋማሽ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ። በጥቅምት መጀመሪያም ከጨለመ በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ ወደ ምዕራብ ሲያዘቀዝቅ ይገኛል።

ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ የአዲስ አበባ ብርሃን ይጫነዋል፤ ለሌላ ጣቢያ የላሊበላ ተራሮች መጠናታቸውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ከላሊበላ በስተሰሜን ባለው የዋግ ደጋም ለዚህ ሥራ ወሳኙ የቴሌስኮፕ ስፋት ሳይሆን፣ ከዝናቡ በፊት ያሉትን ጥቂት ጨረቃ አልባ ሌሊቶች ሳያባክኑ መጠቀም ነው።