የተባዛ ዳታቤዝ ሰርቨር በድንገት ሲቆም፦ የግድፈት ሪፖርት ምን መያዝ አለበት?

አንድን ዳታቤዝ በበርካታ ሰርቨሮች ላይ አባዝቶ ማስቀመጥ ያስፈለገው አንዱ ሰርቨር ሲበላሽ ሌላው ሥራውን እንዲቀጥል ነው። ይህ አሠራር የዲስክ ብልሽትንና የኃይል መቋረጥን ለመቋቋም ይረዳል፤ በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለን ግድፈት ግን ሁልጊዜ አይቋቋምም። ሰርቨሮቹ በሙሉ አንድ ዓይነት ሶፍትዌር የሚጠቀሙ በመሆኑ አንዱን ያቆመው ሌሎቹንም ሊያቆም ይችላል። ይህ ጽሑፍ ማይኤስኪውኤልን በምሳሌነት ወስዶ እንዲህ ያለ ግድፈት ሲያጋጥም የሚቀርበው ሪፖርት ሊይዘው የሚገባውን ያብራራል።

የግድፈቱ ባሕርይ

ጂም ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ጥናት የሶፍትዌር ግድፈቶችን በሁለት ከፍሏል። «ቦርበግ» የተባሉት ግብዓቱ በተደገመ ቁጥር የሚደገሙ ሲሆኑ፣ «ሃይዘንበግ» የተባሉት ደግሞ ሊመረመሩ ሲፈለጉ የሚሰወሩ ናቸው። በማይኤስኪውኤል ዋናው ሰርቨር ለውጦችን በባይነሪ ሎግ ይመዘግባል፤ ተከታዩ ሰርቨር ወደ ራሱ ሪሌይ ሎግ ቀድቶ በቅደም ተከተል ይፈጽማቸዋል። ከተመዘገቡት ክስተቶች አንዱ ቦርበግን የሚቀሰቅስ ከሆነ ተከታዩ ሰርቨር ይቆማል፤ ሲነሣም ያንኑ ክስተት አንብቦ ዳግም ይቆማል። በረድፍ ላይ በተመሠረተ ማባዛት ተከታዩ የሚፈጽመው የኤስኪውኤል ትእዛዙን ሳይሆን የረድፎቹን ለውጥ ስለሆነ፣ ዋናው ሰርቨር ሳይነካ ተከታዮቹ ብቻ ሊቆሙ ይችላሉ።

ማስረጃን ማቆየት

አገልግሎቱን ቶሎ ለመመለስ ክስተቱን መዝለል ወይም ተከታዩን ሰርቨር እንደ አዲስ መገንባት የተለመደ ነው። መዝለል የሁለቱን ሰርቨሮች መረጃ ሊያለያይ ይችላል፤ መገንባት ደግሞ ማስረጃውን ያጠፋል። ስለዚህ አስቀድሞ የስሕተት ሎጉን፣ የባይነሪ ሎጉን፣ የሪሌይ ሎጉንና የዳታ ማውጫውን ቅጂ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

የሪፖርቱ ይዘት

ሪፖርቱ የሶፍትዌሩን ትክክለኛ እትም፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ዓይነት፣ የቆመው ሰርቨር ዋና ወይም ተከታይ መሆኑን፣ የባይነሪ ሎጉን ቅርጽ፣ ክስተቱ በሎጉ ውስጥ ያለበትን ቦታና የሠንጠረዡን አወቃቀር መግለጽ ይኖርበታል። በስሕተት ሎጉ ላይ የሚገኘው የሲግናል ቁጥርና ስታክ ትሬስ ሳይቆረጥ ይያያዛል። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን ግድፈቱን በባዶ ሰርቨር ላይ መልሶ የሚያሳይ አጭር የትእዛዞች ቅደም ተከተል ነው። ያለ ማባዛትም የሚደገም ከሆነ ይኸው መጠቀስ አለበት፤ የምርመራውን ወሰን በእጅጉ ያጠብባልና።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ኮር ፋይል የሰርቨሩን ማኅደረ ትውስታ ስለሚይዝ የደንበኞችን መረጃ ሊያጋልጥ ይችላል፤ በይፋ መለጠፍ የለበትም። ተራ ተጠቃሚ በአንድ ትእዛዝ ሰርቨሩን ማቆም የሚያስችለው ግድፈትም የደኅንነት ክፍተት በመሆኑ፣ ማስተካከያ እስኪወጣ ድረስ ለአዘጋጆቹ በምስጢር ሊቀርብ ይገባል።

በአጠቃላይ የቅጂዎች መብዛት ብቻውን ከቦርበግ አያድንም፤ ዘላቂው መፍትሔ የግድፈቱ መታረም ነው፤ እርማቱም የሚፋጠነው ሌላ ሰው ደግሞ ሊያረጋግጠው በሚችል ሪፖርት ነው።