ያውቁ ኖሯል? ከጓሮ ማዶ ያሉ የጅማ ጎረቤቶች

ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ የሚኖር ዘመድ ካለዎት ይጠይቁት። ሌሊት የቆሻሻ ገንዳው ክዳን ሲንኳኳ ሌባ መስሎት በመስኮት ሲያጮልቅ፣ ዓይኑ ዙሪያ ጥላሸት የተቀባ የሚመስል፣ ጭራው ቀለበት ቀለበት የሆነ እንስሳ አፍጥጦ የጠበቀው አበሻ ብዙ ነው። ራኩን ይሉታል። የትውልድ አገሩ አሜሪካ ስለሆነ እኛ ጋ የለም። ጅማ ውስጥ ጓሮው ከቡና ማሳ በተያያዘ ቤት ያደገ ሰው ግን በዚህ ወሬ አይደነቅም። የኛ የሌሊት ጎረቤቶች ከራኩን በዓይነትም በጉልበትም ይበልጣሉ። ጭንብል የሚያደርገውም አለን፤ እሱን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ።

ያውቁ ኖሯል? «ራኩን» የሚለው ስም የተወሰደው ቨርጂኒያ ውስጥ ይኖሩ ከነበሩት የፓውሃታን ሕዝቦች ቋንቋ ነው። ትርጉሙም «በእጁ የሚቧጭር» እንደ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የቶሮንቶ ከተማ ራኩን የማይከፍተው የተባለለትን የቆሻሻ ገንዳ ለነዋሪው ማደል ጀመረች። ወጪው 31 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ገንዳውን ገልብጠው የሚከፍቱ ራኩኖች በካሜራ ታዩ።

እ.ኤ.አ. በ1926 ለፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ አንድ ራኩን በስጦታ መጣላቸው። የተላከው ለምስጋና ቀን ማዕድ እንዲታረድ ነበር። ፕሬዚዳንቱና ባለቤታቸው ግን አላረዱትም፤ ሬቤካ ብለው ስም አወጡለትና ዋይት ሐውስ ውስጥ አኖሩት።

እ.ኤ.አ. በ1934 ጀርመኖች ሁለት ጥንድ ራኩን አምጥተው ኤደርዜ በሚባል ሐይቅ አጠገብ ለቀቁ። ዛሬ ጀርመን ውስጥ ከሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ሰገነት ላይ ወጥተው ይወልዳሉ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የተባለውን ተረት ለነሱ ማውራት ነበር።

ጅብ ካልን ዘንድ ወደ አገራችን እንመለስ።

ያውቁ ኖሯል? ጅብ መልኩ ውሻ ይምሰል እንጂ ዝምድናው ከውሻ ጋር አይደለም። በዘር ሐረግ የሚቀርበው ለድመትና ለጥርኝ ወገን ነው። በመንጋው ውስጥ ትልቋም አዛዧም ሴቷ ናት፤ ወንዱ ቆሞ የሷን ትራፊ ይጠብቃል። እኛ ግን ስንት ዘመን ሙሉ «አያ ጅቦ» እያልን ለተራ ወታደሩ ማዕረግ ስንሰጥ ኖረናል።

ጅማ ላይ በኦሮምኛ ዋራቤሳ ይባላል። ከመሸ በኋላ ከቄራ በኩል፣ ከወንዝ ዳር፣ ከጂሬን ኮረብታ ሥር ሲጮህ መስማት ብርቅ አይደለም። ድምፁ ኪሎ ሜትሮች አቋርጦ ስለሚሰማ፣ አጥር ጥግ ያለ የመሰለዎት ጅብ ከአንድ ቀበሌ ማዶ ሊሆን ይችላል። ልጅ እያለን ይህን የሚነግረን አልነበረም።

የጅብ ዓይነ ምድር ሲደርቅ ለምን ነጭ እንደሚሆን ያውቁ ኖሯል? አጥንት እያደቀቀ ስለሚበላ ነው። ሆዱ የማይፈጨው የአጥንት ካልሲየም እንደ ኖራ ሆኖ ይወጣል።

የሚከተለውን ቀስ ብለው ያንብቡት። ትግራይ ውስጥ ተመራማሪዎች የጅብ ዓይነ ምድር እየሰበሰቡ በውስጡ የተገኘውን ፀጉር መረመሩ። ከዓቢይ ጾም በፊት ከተገኘው ፀጉር የአህያ የሆነው 14.8 በመቶ ነበር። በጾሙ ወቅት 33.1 በመቶ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ክርስቲያኑ ሲጾም እርድ ይቀንሳል፣ ሉካንዳ ይዘጋል፣ የሚጣል አጥንትና አንጀት ይጠፋል፤ ጅቡም ወደ አህያ በረት ያመራል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። እኛ ጾም ስንይዝ ጅብ ገበታውን ይቀይራል ማለት ነው።

በመቀሌ ዙሪያ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚጣል ሥጋና አጥንት እንደሚያነሱ አስልቷል። ያ ሁሉ ሜዳ ላይ ቢበሰብስ ኖሮ የአባ ሰንጋና የከብት የሳንባ ነቀርሳ በሽታ ይዛመት ነበር። በስሌቱ መሠረት ጅቦቹ በየዓመቱ አምስት ሰውና 140 ከብት፣ በግና ፍየል ከነዚህ በሽታዎች ያድናሉ። ደሞዝ የማይጠይቅ የጽዳት ሠራተኛ ነው። በርግጥ ፍየልዎን የበላብዎ ዕለት ይህን ቁጥር የሚነግርዎትን ሰው መስማት አይፈልጉም፤ እኔም አልፈልግም።

የሐረር ሰው ነገሩን በሌላ መንገድ ጨርሶታል። በጀጎል ግንብ ላይ ለጅብ መግቢያ የሚሆን ቀዳዳ ትቶለታል።

አሁን ደግሞ ወደ ቀኑ ፈረቃ።

ያውቁ ኖሯል? ጦጣ ከማዕድ ቤት ዳቦ ሰርቃ ስትሮጥ አፏ አብጦ የሚታየው ስለምታኝክ አይደለም። ጉንጯ ውስጥ ከረጢት አላት። የምትነጥቀውን ሁሉ እዚያ ትጠቀጥቅና ከሰው ርቃ፣ ዛፍ ላይ ተቀምጣ፣ በጀርባ እጇ ጉንጯን እየገፋች በየተራ ታወጣዋለች። አንድ ቀን የጎረቤታችንን አቮካዶ አንድ ጊዜ ብቻ እየነከሰች ስትጥል ቆጠርኳት፤ ሰባተኛው ላይ ሴትዮዋ ወንጭፍ ይዘው ወጡ። ጦጣዋ ዞር ብላ አየቻቸውና ስምንተኛውን ቀጠፈች። ገበሬዎች ደጋግመው የሚሉት ነገር አለ፦ ጦጣና ዝንጀሮ ከሴትና ከልጅ ይልቅ ወንድን ይፈራሉ። ያን ቀን አመንኩ።

የጦጣ የሳይንስ ስም «ኤቲዮፕስ» የሚል ቃል አለበት። ስሙን ያወጣው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1758።

ኬንያ ውስጥ የምትኖረው የጦጣችን የቅርብ ዘመድ ለነብር አንድ ዓይነት፣ ለንስር ሌላ፣ ለእባብ ሦስተኛ ዓይነት የማስጠንቀቂያ ጩኸት አላት። የነብሩን የሰሙ ዛፍ ይወጣሉ፣ የንስሩን የሰሙ ቁጥቋጦ ውስጥ ይሸሸጋሉ፣ የእባቡን የሰሙ ቆመው ሣሩን ይቃኛሉ።

ዝንጀሮ ግን ቀልድ አይደለም። ጌራ፣ ሸቤና ሊሙ አካባቢ በቆሎው እሸት ሲይዝ ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት የዱር አሳማና ጃርት ይመጣሉ። ገበሬው ማሳው መሀል ማማ ሠርቶ ሌሊቱን እዚያው ያድራል። ቀን ቀን የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ ልጅ ስለሆነ ከትምህርት ቤት የሚቀረውም እሱ ነው። ከተማ ተቀምጦ ስለ ደን ጥበቃ የሚያወራ ሰው (ይህን ጽሑፍ የሚጽፈውንም ጨምሮ) ያችን ማማ አንድ ሌሊት ቢሞክራት ጥሩ ነበር።

በነገራችን ላይ ጦጣም ዝንጀሮም ቡና ይወዳሉ። የሚፈልጉት ፍሬውን ሳይሆን የቀላውን የእሸት ቡና ጣፋጭ ሽፋን ነው። ከማድረቂያ አልጋ ላይ ጀንፈል የሚሰርቅ ካዩ ግን ጦጣ አይደለም፤ ሁለት እግር ያለውን ይፈልጉ።

ያውቁ ኖሯል? ዓለም ሁሉ ጉሬዛን በሳይንስ ስሙ የሚጠራው በኛው ቃል ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ሲመዘግበው «ኮሎቡስ ጉሬዛ» አለው። «ኮሎቡስ» በግሪክኛ «የተቆረጠ» ማለት ነው፤ ጉሬዛ አውራ ጣት የለውምና። የጉንጭ ከረጢትም የለውም። ጨጓራው እንደ ላም በክፍል በክፍል የተከፈለ ስለሆነ የዛፍ ቅጠል አብላልቶ ይፈጫል፤ ስለዚህ በእርስዎ ድስት ላይ ዓይን የለውም። ግልገሉ ሲወለድ ድፍን ነጭ ነው፤ ጥቁሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ጅማ ዙሪያ ዌኒ ይሉታል፤ ከጎረቤቶቻችን ሁሉ ጨዋው እሱ ነው ብዬ እፈርዳለሁ።

የቡቱርሊኒ ጦጣ የሚባለው ዓይነት በዓለም ላይ የሚገኘው ከስምጥ ሸለቆ በስተምዕራብ ባሉ የኢትዮጵያ ደኖች ብቻ ነው።

ለቡና ጥላ የሚሆነውን ሳሳ የተባለ ዛፍ በኦሮምኛ ሙከ አርባ ይሉታል፤ የዝሆን ዛፍ ማለት ነው። ዝሆኑ ከጅማ መንደሮች ጠፍቷል፤ ስሙ ግን ዛፉ ላይ ቀርቷል።

ጃርት እሾኋን እንደ ቀስት አትወረውርም። ወደ ኋላዋ እየሸሸች ትወጋለች፤ እሾሁ ተነቅሎ የሚቀረው ያኔ ነው። ጎደሬዎን ግን በርግጥ እሷ ናት የቆፈረችው።

ከጅማ ወጣ ብሎ ቦዬ ረግረግ ላይ ጉማሬ አለ። ቀን ውኃ ውስጥ ይተኛና ማታ ወጥቶ ይግጣል፤ አንዱ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ሣር ይበላል። በሱና በውኃው መካከል ከመቆም ይጠንቀቁ።

ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም።

አንድ ነገር ያለ ቀልድ ልበል። አገራችን ውስጥ ሰው በዕብድ ውሻ በሽታ የሚያዘው በአብዛኛው ከውሻ ነው፤ ከጦጣ ወይም ከጅብ አይደለም። ይሁን እንጂ ማንኛውም እንስሳ ቢነክስዎት ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ሙሉ 15 ደቂቃ አጥበው ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ውሻዎንም ያስከትቡ። እንዲሁም የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ክልክል ነው፤ መርዝ ያለበት ሥጋ ሜዳ ላይ መጣልም የሚፈጀው ጅቡን ብቻ አይደለም፣ የጎረቤትን ውሻና ጥንብ አንሳውንም ጭምር ነው።

አሁን ጭንብል ያደረገው ይምጣ።

ያውቁ ኖሯል? ጥርኝ ፊቱ ላይ ዓይኑን የሚሸፍን ጥቁር ቀለም ስላለው ፈረንጆች ራኩን ይመስላል ይሉታል። ዝምድና የላቸውም፤ ኑሯቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም ሌሊት ይወጣሉ፣ ያገኙትን ይበላሉ፣ የዶሮ ቆጥ ያውቃሉ። ጥርኝ ክብደቱ እስከ 20 ኪሎ ይደርሳል። ሌላው እንስሳ መርዙን ፈርቶ የማይነካውን እልፍ እግር ሳይቀር ይበላል።

ዝባድ የሚባለው ከጅራቱ ሥር ካለው ዕጢ የሚወጣ ቅባት ነው። ብቻውን ሲሸቱት ያስነጥሳል፤ በጣም ጥቂቱ ከሌላ ሽታ ጋር ሲቀላቀል ግን ሽቶው ቶሎ እንዳይጠፋ ይይዘዋል። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር በነበሩበት ዘመን የሄርማታ ገበያ ከቡና፣ ከማርና ከዝሆን ጥርስ ጋር ዝባድ ያገበያይ ነበር። ዝባዱ የሚታሸገው በከብት ቀንድ ነበር፤ በቀንድ እንደታሸገ ባሕር ተሻግሮ የፓሪስ ሽቶ ቤቶች ይደርስ ነበር።

የ«ሮቢንሰን ክሩሶ» ደራሲ ዳንኤል ዴፎ እ.ኤ.አ. በ1692 ለንደን አጠገብ 70 ያህል ጥርኝ ገዝቶ ዝባድ ነጋዴ ለመሆን ሞክሮ ነበር። ከሰረ።

በዝባድ ውስጥ ያለውን ሽታ ሰጪ ንጥረ ነገር ቅርጽ የደረሰበት ኬሚስት ሊዮፖልድ ሩዚችካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1939 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ቅርጹ ከታወቀ በኋላ ንጥረ ነገሩን በላቦራቶሪ መሥራት ተቻለ። የኛ ገበሬ ግን ወንድ ጥርኝ ከጫካ እያጠመደ፣ ጠባብ የእንጨት ቀፎ ውስጥ ዘግቶ፣ በየዘጠኝ ወይም በየአሥር ቀኑ ዝባዱን በማንኪያ መፋቁን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የውጭ እንስሳት ተሟጋቾች የአያያዙን ጭካኔ ሲያጋልጡ ገበያው ቀዘቀዘ፤ ሻኔልም እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ሰው ሠራሹን እንደሚጠቀም ተናገረ። ተሟጋቾቹ ስለ ቀፎው አልተሳሳቱም። ለገበሬው ምትክ ገቢ ይዘው ባለመምጣታቸው ግን ቅር ይለኛል።

የመጨረሻው ይኸውና። ጥርኝ እንደ ሌላው አውሬ በየሜዳው አይጸዳዳም። የራሱ መጸዳጃ ቦታ አለው፤ ሌሊት ሌሊት እየተመላለሰ እዚያው ይከምራል። በደቡብ ምዕራብ የቡና ደኖች ከተመረመሩት ክምሮች ውስጥ የቡና ፍሬ ተገኝቷል፤ የበሰለውን እሸት መርጦ ይበላና ፍሬውን ሳይፈጨው ያወጣዋል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ በሌላ የጥርኝ ዘመድ ሆድ ያለፈ ቡና በውድ ዋጋ ይሸጣል። በሚቀጥለው ለቀማ ከሳሳ ዛፍ ሥር የተጠራቀመ ንጹሕ የቡና ፍሬ ካዩ፣ ማን እንዳስቀመጠው አሁን ያውቃሉ። ካነሱት እጅዎን ይታጠቡ።