ዛጎሉ አንድ፣ ዝርያው ብዙ

ከመርሳ ወደ ወልዲያ ሲጓዙ መንገድ ላይ ሲሪንቃ ትገኛለች። በስተምዕራብ ተራራው ወደ ደጋው ሽቅብ ይወጣል፤ በስተምሥራቅ ምድሩ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ከእንዲህ ያለ ደጋ ወደ ቆላ በሚወርዱ ወንዞች ዳር የሚኖረውን የውሃ ቀንድ አውጣ ብዙዎቻችን በአንድ ስም ጠርተን እናልፈዋለን። ዝርያውን ለይቶ ማወቅ ግን የጤና ጉዳይ ነው።

የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ማደግ አለበት፤ የሚያድገውም በማንኛውም ቀንድ አውጣ ውስጥ አይደለም። የአንጀት ቢልሃርዚያን ባዮምፋላሪያ፣ የሽንት ፊኛውን ደግሞ ቡሊነስ ያስተላልፋሉ። ሁለቱን በዓይን መለየት ይቻላል፦ የባዮምፋላሪያ ዛጎል እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ ነው፤ የቡሊነስ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ሲሆን፣ ሹሉን ወደ ላይ አድርገው አፉን ወደ እርስዎ ሲያዞሩት አፉ በግራ በኩል ይሆናል።

አስቸጋሪው ቡሊነሶችን እርስ በርስ መለየት ነው። ዴቪድ ብራውንና ጆን በርች እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ የሚገኙ ቡሊነሶች በክሮሞዞማቸው እንደሚለያዩ አሳዩ። ዛጎላቸው እጅግ ከሚመሳሰሉት መካከል አንዱ 36፣ ሌላው 72 ክሮሞዞም አለው። በደጋችን ደግሞ 108 እና 144 ያላቸው ይኖራሉ፤ ባለ 108ቱ ቡሊነስ ሄክሳፕሎይደስ፣ ባለ 144ቱ ቡሊነስ ኦክቶፕሎይደስ ተብለዋል። የሰው ክሮሞዞም 46 ብቻ ነው።

ታዲያ ድንበሩ የት ላይ ነው? የተለመደው መለኪያ ተዳቅሎ የሚራባ ልጅ መውለድ ነው። ቡሊነስ ግን እያንዳንዱ ወንዴም ሴቴም በመሆኑ ብቻውንም መራባት ስለሚችል፣ ይህ መለኪያ ሁልጊዜ አይሠራለትም። እዚህ ላይ ቁጥሩ ይረዳል። ባለ 36ቱ ለልጁ 18፣ ባለ 72ቱ 36 ክሮሞዞም ያወርሳሉ። ቢዳቀሉ ልጁ 54 ይኖረዋል፤ ይህም ባለ 18 ሦስት ስብስብ ስለሆነ ክሮሞዞሞቹ በትክክል ጥንድ ጥንድ ሆነው መከፈል ያቅታቸዋል፤ ዘሩም አብዛኛውን ጊዜ አይቀጥልም። የክሮሞዞም እጥፍ መሆን ዛጎሉን ሳይለውጥ የዘር ድንበር ያቆማል ማለት ነው።

ድንበሩ ለበሽታው ትርጉም አለው። ባለ 72ቱ ቡሊነስ ትሩንካተስ በግብፅና በሌሎች አገሮች የሽንት ፊኛ ቢልሃርዚያን ያስተላልፋል፤ ባለ 36ቱ ቡሊነስ ትሮፒከስ ግን አያስተላልፍም። በአገራችን ይህ በሽታ የሚታወቀው በቆላ ነው፤ በአዋሽ ሸለቆ አስተላላፊው ቡሊነስ አቢሲኒከስ ነው። ስለዚህ በደጋ ምንጭ ቡሊነስ መገኘቱ ብቻውን የበሽታ ማስረጃ አይሆንም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የደረሱበት የእንዶድ ኃይል አስተላላፊውንም የማያስተላልፈውንም ቀንድ አውጣ ይገድላል። መድኃኒት ከመርጨት በፊት ማንነቱን ማጣራት የሚገባው ለዚህ ነው። ቀንድ አውጣ የሚሰበስብ ባለሙያም ባዶ ዛጎል ይዞ አይመለስ፤ ሥጋውን በአልኮል ያቆይ፣ ቦታውንና ከፍታውን ይጻፍ። ዛጎሉ የሸሸገውን ዘረመሉ ይናገራል።