ሬስሊንግና ልጆቻችን፦ የቆየ ተመልካች ለቤቱ ምን ይናገር?

ትግል ለይፋት ቆላ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ከብት እያገደ፣ በወንዝ ዳር አሸዋ ላይ ከእኩያው ጋር ተያይዞ ይወድቃል፣ ይነሣል። ደንቡ አጭር ነው፤ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ። ቡጢ የለም፣ እርግጫ የለም። የተሸነፈው አቧራውን አራግፎ ከአሸናፊው ጋር ከብቱን እየነዳ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በኋላ ግን ሌላ ዓይነት ትግል መጣ። በገመድ የታጠረ መድረክ፣ የሚያንጸባርቅ መብራት፣ ጭምብል ያጠለቀ ግዙፍ ሰው፣ ከጀርባ ወንበር ይዞ የሚመጣ ከሐዲ ያለበት ትግል ነው። ስሙንም «ሬስሊንግ» አልነው። ዛሬ በሸዋ ሮቢት፣ በሰንበቴ፣ በአጣዬና በካራ ቆሬ በዚያ ትግል ፍቅር ያደጉ ልጆች የልጆች አባት ሆነዋል፤ እኛም ከእነሱ መካከል ነን። ልጆቻችንም በተራቸው «አባ፣ የምር ነው?» እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በመልሱ ላይ የልጅ አንገት ጤንነት ሊወሰን ይችላል ብንል ማጋነን አይሆንም።

በአንድ አግዳሚ ላይ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ከጣርማ በር ብርድ የወረደ መንገደኛ ካፖርቱን የሚያወልቀው እዚህ ሲደርስ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በዚህ መንገድ ላይ እንዳሉት ከተሞች ሁሉ የወጣቶቿ መዝናኛ ቪዲዮ ቤት ነበር። መስኮቱ በጨርቅ የተጋረደ ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የካሴት ማጫወቻና ጥቂት አግዳሚዎች ናቸው። ካሴቱ ከቅጂ ላይ እየተቀዳ የሚመጣ በመሆኑ ምስሉ የደበዘዘ፣ ጊዜው የተዘበራረቀ ነበር። በአንዱ ካሴት የሻምፒዮንነት ቀበቶ ታጥቆ የወጣው ሰው በሚቀጥለው ካሴት ቀበቶ የለውም። በመካከሉ የሆነውን የሚያውቅ ተመልካች ከሁሉ ይከበር ነበር። እንግሊዝኛው ስለማይገባን ታሪኩን ከተጋጣሚዎቹ ፊት እናነብ ነበር።

በዚያ አግዳሚ ላይ ሽንኩርት ሲያጠጣ የዋለ የገበሬ ልጅ፣ የመኪና ረዳት፣ ተማሪና ነጋዴ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ «አንደርቴከር ይበልጣል፣ ስቶን ኮልድ ይበልጣል» እያሉ ይከራከራሉ። ወገን የሚለየው በደጋፊነት ብቻ ነበር። መሪም መዋጮም የሌለው ማኅበር ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን የምንለው ቪዲዮ ቤትን ለማሞገስ አይደለም። ከትምህርትና ከሶላት ያዘናጋቸው፣ ለጫትና ለሲጋራ ያጋለጣቸው ልጆች ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን አንድ ጥቅም ነበረው። ታላላቆች አብረው ያዩ ስለነበር ታናሹ «አሁን እኮ ሞተ!» ብሎ ሲደነግጥ «አልሞተም፣ በሚመጣው ካሴት ታየዋለህ» የሚለው ሰው አያጣም። ካሴቱ በዲስክ፣ ዲስኩ በሳተላይት ዲሽ፣ ዲሹም በእጅ ስልክ ተተካ። ዛሬ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ያንኑ ትግል ጥግ ይዞ ብቻውን ያየዋል። የሚያስረዳው ታላቅ ከጎኑ የለም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ታዲያ ውሸት ነው?

በመጀመሪያ እውነቱን እንናገር። በሬስሊንግ አሸናፊው ከግጥሚያው በፊት ይታወቃል። ደራሲዎች ታሪኩን ይጽፋሉ፤ ተጋጣሚዎቹም እንዴት እንደሚጨርሱት ይስማማሉ። ዳኛው ውድድር አይዳኝም፤ ሰዓቱንና ከመጋረጃ ጀርባ የሚመጣውን መልእክት ለሁለቱም በሹክሹክታ ያደርሳል። የመድረኩ ወለል በብረት ላይ የተረበረበ ጣውላ፣ በላዩ ስስ ፍራሽና ሸራ ነው። ሰው ሲወድቅ ያን ያህል የሚጮኸውም በዚህ ምክንያት ነው። የሚጣለው ሰው ራሱ ይዘላል፤ የሚጥለውም ጭንቅላቱን ይጠብቅለታል። አወዳደቁም ትምህርት አለው። አገጭን ወደ ደረት ማስጠጋት፣ ምቱን በመላው ጀርባ ላይ ማሰራጨት፣ በክንድ ወለሉን መምታት የወራት ልምምድ ይጠይቃል።

ሙያተኞቹ ይህን ምስጢር «ኬይፌብ» ይሉታል። ለብዙ ዘመን አጥብቀው ጠብቀውታል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1989 የታወቀው ድርጅት፣ የዚያን ጊዜው ደብሊው ደብሊው ኤፍ፣ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ሕግ አውጪዎች ፊት ሥራው መዝናኛ እንጂ የስፖርት ውድድር አለመሆኑን አመነ። እንዲህ ያደረገው በስፖርት ኮሚሽን ከሚደረግበት ቁጥጥርና ክፍያ ለመዳን ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ከዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት ጋር በስሙ ፊደላት ተካስሶ በመረታቱ ደብሊው ደብሊው ኢ ተባለ። ወንድማማቾች ናቸው እያልን የተከራከርንላቸው አንደርቴከርና ኬንም በሥጋ አይዛመዱም። ኬን የተባለው ግሌን ጄከብስ እ.ኤ.አ. በ2018 በቴነሲ ግዛት የኖክስ ካውንቲ ከንቲባ ሆኖ ተመርጧል።

ይህን ሁሉ እያወቀ ሰው ለምን ያያል? ተረት ሲሰማ ያደገ ሰው መልሱን አያጣውም። አያታችን ስለ ጅብና ስለ አህያ ስትነግረን አህያ እንደማትናገር እናውቅ ነበር፤ ሆኖም እንሰማ ነበር። የሬስሊንግ ወዳጅም የሚያየው ማን እንደሚያሸንፍ ብቻ ሳይሆን ታሪኩ እንዴት እንደሚነገር ነው። ጆን ሲና እ.ኤ.አ. በ2002 በዚህ ድርጅት ቴሌቪዥን ታየ፤ በዲሴምበር 2025 በዋሽንግተን በጉንተር ተሸንፎ ተሰናበተ። የመጀመሪያውን በልጅነቱ ያየ ተመልካች የመጨረሻውን ልጁን አስቀምጦ አየ። ሲና በጠና የታመሙ ልጆችን ምኞት በሚያሟላ ድርጅት በኩል ከ650 በላይ ሕፃናትን በማግኘቱም በዓለም መዝገብ ላይ ተጽፏል።

ውሸት ያልሆነው

አሸናፊው አስቀድሞ መታወቁ ሰውነቱን ከመሰበር አያድነውም። ልጆቻችን ማወቅ ያለባቸው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1997 ስቶን ኮልድ ስቲቭ ኦስቲን ከኦዌን ሃርት ጋር ሲጋጠም፣ ኦዌን ጭንቅላቱን ወደ ታች ይዞ ሲጥለው አንገቱ ተጎዳ፤ ለጥቂት ደቂቃም መንቀሳቀስ አልቻለም። ልብ በሉ! ኦዌን ሃርት ጀማሪ አልነበረም። በካናዳ ካልጋሪ በአባቱ ቤት ሥልጠና ውስጥ ያደገ፣ በጥንቃቄውና በችሎታው የተመሰገነ ሰው ነበር። ይኸው ኦዌን እ.ኤ.አ. በሜይ 1999 በካንሳስ ሲቲ ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ ሲወርድ ማያያዣው ተፈቶ ከ20 ሜትር በላይ ወደቀና ሞተ። 34 ዓመቱ ነበር። ትርዒቱ ግን አልተቋረጠም፤ ይህም እስከ ዛሬ ብዙ ወዳጆቹን ያሳዝናል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ዳረን ድሮዝዶቭ የተባለው ተጫዋች በአንድ አጣጣል ስሕተት አንገቱ ተሰብሮ ሽባ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 እስከ ሞተበት ቀን ድረስም አልዳነም። በድሮዎቹ ካሴቶች በግንባር ላይ የምናየው ደምም ብዙ ጊዜ እውነተኛ ነበር፤ ተጫዋቹ ራሱ በደበቀው ምላጭ ያፈስሰው ነበር።

እነዚህ የሠለጠኑ፣ ተስማምተው የሚጣጣሉ፣ ሐኪም አጠገባቸው ያለ ሰዎች ናቸው። ሕፃን ታናሽ ወንድሙን ከአልጋ ላይ ወደ ሲሚንቶ ወለል ሲጥለው ግን ስምምነት የለም፣ ሥልጠናም የለም። «ይህን በቤታችሁ አትሞክሩ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው የሚነገረው። በአማርኛ የሚነግረው ሰው እኛ ካልሆንን ማን ይሆናል?

የአካባቢያችን ልጆች ጠብ ምን እንደሆነ ሳያውቁ የሚያድጉ አይደሉም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ በግጭት ተቃጥለዋል፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ነበር። እውነተኛ ጠብ ላየ ልጅ የጨዋታና የጠብ ወሰን በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

የሙስሊሙ መልክ በመድረክ ላይ

ሙስሊም ተመልካች ሌላም ጥያቄ አለበት። በሬስሊንግ ታሪክ የእኛን ስምና ልብስ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ክፉው ነበር። «አይረን ሺክ» የተባለው ሑሴን ኾስሮው ዐሊ ቫዚሪ ኢራን ውስጥ በእውነተኛው ትግል ያደገ ሰው ነው። በኢራንና በአሜሪካ ጠብ ዘመን የኢራንን ባንዲራ እያውለበለበ እንዲሰደብ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1983 ያገኘውን ሻምፒዮንነት በሚቀጥለው ወር ለሃልክ ሆጋን አስረከበ። ቫዚሪ በ2023፣ ሆጋን በ2025 ሞተዋል።

ከዚህም የባሰው እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ላይ መጣ። «ሙሐመድ ሐሰን» የተባለ ገጸ ባሕርይ ከሴፕቴምበር 11 ወዲህ ዐረቦች በአሜሪካ የሚደርስባቸውን በደል እየተናገረ ወጣ። አቤቱታው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ተመልካቹ እንዲጠላው ተደርጎ ተጻፈ። የተጫወተውም ዐረብ ሳይሆን ማርክ ኮፓኒ የተባለ የጣሊያን ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ነበር። በጁላይ 2005 ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች አንደርቴከርን ሲያንቁለት የሚያሳየው ትርዒት የተላለፈው በለንደን የቦምብ ጥቃት በደረሰበት ቀን ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያው ተቃወመ፤ ገጸ ባሕርዩም በዚያው ወር ተሰናበተ።

ዛሬ ግን ሌላ ምሳሌ አለን። ከሶርያ ወላጆች በካናዳ የተወለደው ሳሚ ዘይን ሙስሊም ነው፤ ሕዝቡም ይወደዋል። ለሶርያ ተፈናቃዮች ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ እንዲቋቋም ገንዘብ አሰባስቧል። እ.ኤ.አ. በ2023 በትልቁ ዓመታዊ ዝግጅት በመጀመሪያው ሌሊት የመዝጊያ ግጥሚያ አሸናፊ ነበር፤ በሜይ ወር ደግሞ ጅዳ ላይ ወጥቶ ተመልካቹን በዐረብኛ አነጋገረ። ልጃችን ሁለቱንም ማወቅ አለበት። በስሙ ክፉን ገጸ ባሕርይ የጻፉ ሰዎች እንዳሉ፣ ስሙን ሳይደብቅ የተወደደ ሰውም እንዳለ ይወቅ።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ትግል በሙስሊሙ ዓለም ነውር ሆኖ አያውቅም። በቱርክ ኤዲርኔ የዘይት ትግል በየዓመቱ ይካሄዳል፤ በሴኔጋልም ትግል የሕዝቡ ስፖርት ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሩካና ከተባለው ጉልበተኛ ጋር መታገላቸው በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል፤ በሰነዱ ጥንካሬ ላይ ግን ዑለማእ ይወያያሉ። በቡኻሪና በሙስሊም በጸናው ሐዲስ ደግሞ ብርቱ ሰው በትግል የሚጥል ሳይሆን በቁጣው ጊዜ ራሱን የሚገዛ መሆኑ ተነግሯል። ፊትን መምታትም ተከልክሏል። እንግዲህ መነሻችን ይህ ይሁን።

አንደኛ፣ ልጁ ብቻውን አይይ። የአለባበሱና የስድቡ ጉዳይም ስላለ ምን እንደሚታይና ምን እንደሚታለፍ የሚወስነው ወላጅ ይሁን። ሬስሊንግ የሚያውቅ አባት ወይም አጎት አጠገቡ ተቀምጦ «አየህ? ራሱ ነው የዘለለው፤ አሁን ደግሞ ጭንቅላቱን በእጁ ያዘለት» ይበለው። ምስጢሩን ያወቀ ልጅ ጨዋታውን አይጠላም፤ በወንድሙ ላይ መሞከሩን ግን ይተወዋል።

ሁለተኛ፣ በድፍኑ «ውሸት ነው» አንበለው። ውሸት ከሆነ አይጎዳም ብሎ ይደመድማል። «ታሪኩ የተደረሰ ነው፤ አጥንቱ ግን እውነተኛ ነው» ብንለው ይሻላል። የኦዌን ሃርትንና የድሮዝዶቭንም ታሪክ ለዕድሜው በሚመች ቃል እንንገረው።

ሦስተኛ፣ መታገል ለሚወድ ልጅ የአገሩን ትግል እንስጠው። በአሸዋ ወይም በሣር ላይ፣ ታላቅ ቆሞ እየዳኘ፣ አንገት ሳይያዝ፣ ወደ ላይ ሳይነሣ፣ ጀርባ መሬት ሲነካ የሚያበቃ ትግል ይሁን። ያሸነፈ እጁን ይዘርጋ፤ የወደቀም ይያዘው።

«አባ፣ የምር ነው?» ሲለን እንግዲህ መልሱ በእጃችን አለ። «ጠቡ የምር አይደለም፤ ጉዳቱ ግን የምር ነው። ና፣ አብረን እንይ፤ አስረዳሃለሁ» እንበለው። አላህ (ሱ.ወ.) የልጆቻችንን አካልና ልብ ይጠብቅልን።