ቆመው የሚከርሙትን የኑክሌር ጣቢያ መሣሪያዎች ማን ይፈትሻል?

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በዳንግላ ዙሪያ በመስኖ የሚያለማ አርሶ አደር ክረምቱን ቆሞ የከረመ የውኃ መሳቢያ ሞተር በተፈለገበት ቀን አልነሣ ሊል እንደሚችል ያውቃል። የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የአደጋ መከላከያዎችም አብዛኛውን ጊዜ ቆመው ይከርማሉ። መብራት ሲቋረጥ የማቀዝቀዣ ፓምፖችን የሚያንቀሳቅሱት የናፍጣ ጀነሬተሮች ከእነዚህ መካከል ናቸው። የሆስፒታል የራጅ መሣሪያ ሲጠፋ ጨረራውም ያበቃል፤ የኑክሌር ማብላያ ግን ከጠፋም በኋላ ነዳጁ መሞቁን ስለሚቀጥል ውኃ ሊቋረጥበት አይገባም። በዚህ ምክንያት ጀነሬተሮቹ በየወሩ ገደማ እየተነሡ ይሞከራሉ።

ችግሩ አንዳንዱ ፍተሻ ጣቢያውን ማቆም፣ ማለትም ገቢ ማጣት የሚጠይቅ መሆኑ ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የሚገኘው ዴቪስ ቤሲ ጣቢያ እስከ 2001 (እ.ኤ.አ) መጨረሻ ቆሞ እንዲፈተሽ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈልጎ ነበር። ባለቤቱ ጊዜ ጠየቀ፤ ሰባት ሳምንት ገደማ ተፈቀደለት። በ2002 ሲፈተሽ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የማብላያው የብረት ክዳን በሚያንጠባጥብ አሲዳማ ውኃ ተቦርቡሮ ተገኘ። በዚያ ቦታ የቀረው አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ የማይዝግ ብረት ሽፋን ብቻ ነበር። ጣቢያው ሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። የላላው የባለቤቱ እጅ ብቻ አልነበረም።

ኢትዮጵያ የኑክሌር ኃይል ዕቅዷን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም በሕዳሴ ግድብ ምረቃ ላይ ይፋ አድርጋ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። የጨረራና ኑክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ቀድሞ ወጥቷል። ዓለም አቀፉ የኑክሌር ደኅንነት ስምምነት ደግሞ ተቆጣጣሪው ኃይሉን ከሚያስፋፋው አካል እንዲለይ ያዛል፤ ጣቢያው ይቁም የሚለው ሰው ከመብራቱ ሻጭ ደመወዝ እንዳይቀበል ማለት ነው።