የ4.00 ውጤት ውጭ አገር እንዴት ይነበባል?

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ውጤት የሚያሰሉት ከ4.00 ነው። ልኬቱ ከአሜሪካው ጋር ስለሚመሳሰል፣ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ልወጣ የማያስፈልገው ሊመስለው ይችላል። ያስፈልገዋል። በብዙ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.50 ሲይዝ፣ በአሜሪካ የተለመደው 3.7 እና 3.3 ነው። እንደ ደብልዩ ኢ ኤስ ያሉ የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚዎችም ኮርስ በኮርስ ስለሚያዩ አማካዩ ሊለወጥ ይችላል።

ጀርመን ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል፤ 1.0 ከፍተኛው፣ 4.0 ዝቅተኛው ማለፊያ ነው። ለልወጣው በሚሠራበት የባቫሪያ ቀመር መሠረት ከከፍተኛው ነጥብ የተገኘው ይቀነሳል፤ ልዩነቱ በከፍተኛውና በማለፊያው መካከል ላለው ርቀት ይካፈላል፤ በ3 ተባዝቶ 1 ይደመርበታል። ማለፊያው፣ ማለትም ዝቅተኛው መመረቂያ ነጥብ፣ 2.00 ከሆነ፣ 3.20 ያለው ተማሪ 0.80 ለ2.00 ተካፍሎ 0.40፣ በ3 ተባዝቶ 1.20፣ 1 ተደምሮበት 2.2 ያገኛል። ጥሩ ውጤት ነው፤ በስህተት 3.20 ብሎ የሞላ ግን ራሱን በእጅጉ ይጎዳል።

እንደ ሕክምና ባሉ የሙያ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ቁጥሩ ጭራሽ ላይቆጠር ይችላል። የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ ማዕከል የሆነው አምካስ በውጭ ዩኒቨርሲቲ የተወሰዱ ኮርሶችን በአማካይ ነጥብ ስሌት ውስጥ አያስገባም።

ስለዚህ አመልካች ካልተጠየቀ በቀር ውጤቱን ራሱ አይለውጥ፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለውን እንዳለ ይጻፍ። ከሬጅስትራር የታሸገውን ቅጂ ሲጠይቅም የውጤት አሰጣጥ መግለጫው አብሮ መኖሩን ያረጋግጥ።