ጭሱ እንደሞቀ ይውጣ፦ ለእንጨት ምድጃ የጭስ ማውጫ ውስጠኛ ቱቦ አመራረጥ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ በሰሜን አሜሪካ በቆዩ የጡብ ቤቶች የሚያጋጥም ችግር ነው። የእነዚህ ቤቶች ጭስ ማውጫ የተሠራው ለሰፊና ክፍት የእሳት ቦታ ነበር። በዚያው ላይ ዝግ የብረት ምድጃ ሲገጠም ሁለቱ አይጣጣሙም። የተለመደው መፍትሔ በጡቡ ውስጥ ሙቀት ከልካይ የለበሰ የብረት ቱቦ ማውረድ ነው። ታዲያ የትኛው ቱቦ ይመረጥ? ሽፋኑስ ለምን ያስፈልጋል?

ጭስ ሽቅብ የሚወጣው ከውጭው አየር ስለሚቀል ነው፤ የሚቀለውም ስለሚሞቅ ነው። 8 ሜትር ቁመት ያለው ቱቦ እንውሰድ፤ የውጭው አየር 0 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። የጭሱ አማካይ ሙቀት 200 ዲግሪ ከሆነ የመሳብ ኃይሉ በባሕር ጠለል ላይ 43 ፓስካል ገደማ ይሆናል። ሙቀቱ ወደ 80 ዲግሪ ቢወርድ ግን 23 ፓስካል ያህል ብቻ ይቀራል። ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ደግሞ አየሩ ስስ በመሆኑ ይኸው ኃይል በሩብ ያህል ያንሳል።

የጭስ መቀዝቀዝ መዘዙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጭሱ ከ120 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ ያልተቃጠለው የእንጨት ተን በግድግዳው ላይ ረግቶ ክሪዮሶት የሚባል ዝፍት መሰል ነገር ይፈጥራል፤ ይህም ሲቀጣጠል ጭስ ማውጫው ራሱ ይነዳል። ሁለተኛ፣ የመሳብ ኃይሉ ሲደክም ሽታና ቀለም የሌለው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሰዎች ወደተኙበት ክፍል ሊመለስ ይችላል።

እንግዲህ ስንመርጥ መጀመሪያ ስፋቱን እንይ። 15 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያለው የምድጃ አፍ 177 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት አለው፤ 30 በ30 የሆነው አሮጌ ጭስ ማውጫ ግን 900 ነው። ስፋቱ አምስት እጥፍ ሲሆን የጭሱ ፍጥነት ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል፤ ጭሱም መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የምድጃው አምራች ሌላ ካላዘዘ በቀር ቱቦው ከምድጃው አፍ ጋር እኩል ይሁን።

ቀጥሎ ብረቱ ነው። የማይዝግ ብረት ቁጥር 316 ሞሊብደነም ስላለበት ከቁጥር 304 ይልቅ አሲድን ይቋቋማል።

ሦስተኛው ሽፋኑ ነው፤ ከሴራሚክ ክር የተሠራ ብርድ ልብስ መሰል መጠቅለያ፣ ወይም በቱቦውና በጡቡ መካከል የሚፈስ የቨርሚኩላይትና የሲሚንቶ ድብልቅ ሊሆን ይችላል። ሽፋኑ ጭሱን እስከ ጫፍ ሙቅ ያደርገዋል፤ እሳት ቢነሳም በጡቡ ዙሪያ ያለውን የቤቱን እንጨት ይጠብቃል። የግንቡ አንድ ጎን ከቤቱ ውጭ ለብርድ የተጋለጠ ከሆነ ደግሞ ጭሱ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ሽፋኑ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሆኖም ምርጥ ቱቦ እርጥብ እንጨትን አያካክስም። ውሃውን ለማትነን የሚጠፋው ሙቀት ከጭሱ የሚቀነስ ነውና። በደንብ የደረቀ እንጨትና በየዓመቱ የሚጠረግ ቱቦ ከሌሉ፣ እዚህ ያሰላነው ሁሉ በወረቀት ላይ ይቀራል።